ስልክ የሚገባበት መነጽር፦ ከመግዛታችን በፊት

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

ጋዜጣችሁ በቅርቡ ስልክ ውስጡ ገብቶ ስለሚታይበት ርካሽ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር (በምስሉ ውስጥ ያለን እስኪመስለን ዙሪያችንን የሚያሳየን ዕቃ) ያወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ዕቃውን «አዲስ ቴክኖሎጂ» ብሎታል፤ ለትምህርት ቤቶችም ሁነኛ መፍትሔ አድርጎ አቅርቦታል። እኔ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ መነጽር በመሥራት የምተዳደር ሰው ነኝ። የሌንስ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

አዲስነቱን በተመለከተ፣ ጉግል «ካርድቦርድ» የተባለውን የካርቶን መነጽር ያስተዋወቀው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። በማግስቱ ዓመት ኒው ዮርክ ታይምስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ካርቶኖች ለደንበኞቹ በነጻ አድሏል። (ከእናንተ ይህን አልጠብቅም፤ ጋዜጣው ራሱ ሐዋሳ በጊዜ ቢደርስ ይበቃኛል።) ጉግል በ2021 ካርቶኑን መሸጥ አቁሟል። ዛሬ በፕላስቲክ ተሠርቶ በየሱቁ የተሰቀለው ከዚያው ዘር የወጣ ነው። ርካሽ በመሆኑ አልነቅፈውም፤ ዋጋው እኔ ዘንድ የአንድ ደህና ፍሬም ዋጋ አይሞላም።

የምነቅፈው ሻጮች የሚደብቁትን ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ስልኩ ነው፤ ፕላስቲኩ ሁለት ሌንስና ማሰሪያ ብቻ ነው። የእኅቴ ልጅ ባጃጅ ነድቶ ባጠራቀመው ገንዘብ አንዱን ገዝቶ መጣ። አንገቱን ወደ ቀኝ ቢያዞር፣ ወደ ግራ ቢያዞር፣ ምስሉ ከፊቱ ጋር ተጣብቆ አብሮት ይዞራል። ስልኩ ጋይሮስኮፕ፣ ማለትም መሽከርከርን የሚለካው ክፍል የለውም። ብዙ ርካሽ ስልኮች የላቸውም። ሻጩ ግን ገንዘቡን ሲቀበል ስለዚህ አልተነፈሰም፤ ሲመለስበትም «ጥፋቱ የስልክህ ነው» አለው።

ጋይሮስኮፕ ያለው ስልክም ቢሆን ስክሪኑ ለሁለት ዓይን ይከፈላል። 1920 በ1080 ነጥብ (ፒክሰል) የሆነው ለእያንዳንዱ ዓይን 960 በ1080 ብቻ ያደርሳል፤ ሌንሱ ደግሞ ያንን ያጎላዋል። ዓለምን በነጠላ ውስጥ እንደማየት ነው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። የመጀመሪያው ካርድቦርድ ሌንስ የትኩረት ርቀቱ፣ ማለትም ከሩቅ የመጣን ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበስብበት ርቀት፣ 45 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በእኛ ቋንቋ፣ በሌንስ ኃይል መለኪያ፣ 22 ዳዮፕተር ገደማ ማለት ነው። ስክሪኑ በዚያ ርቀት ላይ ሲቀመጥ ብርሃኑ ከሩቅ እንደመጣ ሆኖ ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ለንባብ ብቻ መነጽር የሚያደርጉ ትልልቅ ሰዎች ያለ መነጽራቸው ጥርት አድርገው ያዩበታል። አንድ ጡረተኛ ደንበኛዬ ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው የባሕር ውስጥ ዓሣ ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተው ሊይዙ ቃጥቷቸዋል። በአንጻሩ ሩቁን ማየት የሚቸገር ሰው የራሱን መነጽር አውልቆ ካየበት ይደበዝዝበታል፤ ሌንሱን ወደ ስክሪኑ የሚያስጠጋ ማስተካከያ ካለው ግን ይሻለዋል።

የእኅቴን ልጅ መነጽር ሁለቱን ሌንሶች ፈትቼ የሌንስ ኃይል በሚለካው መሣሪያ፣ በሌንሶሜትር፣ ለካኋቸው። ኃይላቸው እኩል አይደለም። እንዲህ ያለውን ጥንድ ለደንበኛ ብሰጥ በማግስቱ ራሴን አመመኝ ብሎ ይመለስብኛል። በሌንሶቹ መካከል ያለው ርቀትም አይስተካከልም። በብሌኖቻችን መካከል ያለው ርቀት ከሰው ሰው ይለያያል፤ የአብዛኛው አዋቂ 63 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የሕፃን ደግሞ ያንሳል። ለአዋቂ የተሠራውን ሕፃን ፊት ላይ ማሰር ዓይኑን ያለ ልክ ማልፋት ነው። ሳምሰንግም ጊር ቪአር የተባለውን የራሱን መነጽር ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይጠቀሙበት ያስጠነቅቅ ነበር። ጽሑፋችሁ ግን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ይመክረዋል! በዚያ ላይ አንዱ መነጽር ክፍሉን ሙሉ ሲዞር ስፖንጁ የስንቱን ላብና የዓይን ሕመም ይዞ እንደሚዞር ማን አሰበ?

አስተማሪ ቢጠይቀኝ፣ ለትልልቆቹ ተማሪዎች፣ ተቀምጠው፣ ለጥቂት ደቂቃ ይሁን እላለሁ። ዓይናቸው እየተጓዝኩ ነው ሲል ጆሯቸው ውስጥ ያለው የሚዛን አካል አልተንቀሳቀስኩም ይላል፤ ማጥወልወሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለገዢዎች ይህን ብታትሙልኝ ደስ ይለኛል። የራሳችሁን ስልክ ይዛችሁ ሂዱ። ዩቲዩብ ላይ ባለ 360 ዲግሪ ቪዲዮ ክፈቱና ስልኩን በእጃችሁ ይዛችሁ በቦታችሁ ዙሩ፤ የምታዩበት አቅጣጫ ካልተለወጠ ገንዘባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ። ከተለወጠ መነጽሩ ውስጥ አስገቡትና አንድ ዓይን በተራ እየጨፈናችሁ ሁለቱም እኩል ማየታቸውን አረጋግጡ።

ለባጃጅ ነጂዎች ደግሞ አንድ አደራ አለኝ፦ ሌንሱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አትተዉት። ያ ሌንስ የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ የስልኩን ስክሪን ሊያቃጥል ይችላል።

መነጽር ሠሪው
ከሐዋሳ