ደብዳቤ ለልጄ፦ ቀድማ የወጣችው «እሺ»

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን። የአባትሽን ጉልበት ተሽሎታል፤ ጠዋት ጠዋት መራመድ ጀምሯል።

ባለፈው በስልክ ያነሳሽልኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አማካሪሽ «በዚህ ሳምንት ውስጥሽ ብቅ የሚሉ ምልክቶችን አስተውዪ፤ ከእነሱ እንነሳለን» አለችሽ። አንቺ ደግሞ «እማ፣ ምንም ያየሁት ነገር የለም፤ ምን ይዤ ልሂድ?» አልሽኝ። ላስረዳሽ ስጀምር መስመሩ ተቆራረጠ። ስለዚህ ልጻፍልሽ። እናቷ የአእምሮ ጤና ነርስ የሆነች ልጅ ዕዳዋ ይሄ ነው፤ አንድ ነገር ጠይቃ ረጅም ደብዳቤ ይደርሳታል።

ትልቅ ነገር የጠበቅሽ ይመስለኛል። እንባ፣ ድንገት የሚመጣ የልጅነት ትዝታ፣ ወይም ፊልም ላይ እንደሚታየው ሶፋ ላይ ተጋድሞ መንቀጥቀጥ። ምልክት የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነገር ነው። ኢሜይል ስትከፍቺ መንጋጋሽ ግጥም ይላል። ሰው ስምሽን አበላሽቶ ሲጠራ ጆሮ ግንድሽ ይሞቃል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ያለ ምክንያት ሆድሽ ባር ባር ይላል። አንድ ሰው ያላት ነገር ቀኑን ሙሉ ጭንቅላትሽ ውስጥ ትዞራለች። ሳይርብሽ ፍሪጅ ትከፍቻለሽ። ከዚህ ሁሉ መነሳት ይቻላል።

ደግሞ «ምንም የለም» ባልሽበት በዚያው ጥሪ ውስጥ እኔ ስንቱን ሰማሁ! በስብሰባው ላይ ሐሳብሽን ሌላ ሰው እንደ ራሱ አድርጎ እንዳቀረበው ስትነግሪኝ ሳቅሽ። የሚያሥቅ ነገር አልነበረውም። ከስብሰባው በፊት ባለው ሌሊት ምድጃ ስትፈትጊ ማምሸትሽንም በጨዋታ መሃል ጣል አደረግሽው። የአጎትሽ ልጅ እዚያ ሲመጣ ትቀበዪው እንደሆነ ስጠይቅሽ ደግሞ ንግግሬን ሳልጨርስ «እሺ» አልሽ። ያቺን «እሺ» ልብ በያት። አንቺ ሳታስቢበት ነው የወጣችው።

አማካሪሽ ነግራሽ ይሆናል፤ ይህ «የውስጥ ቤተሰብ ሥርዓት» (በእንግሊዝኛው Internal Family Systems) የሚባለው የምክር መንገድ የተጠነሰሰው አንቺ ባለሽባት ቺካጎ ነው። የጀመረው ሪቻርድ ሽዋርትዝ የቤተሰብ ቴራፒስት ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከልክ በላይ በልተው መልሰው የሚያስወጡ ወጣቶችን ያክም ነበር። የተማረው ቤተሰብን አንድ ክፍል ሰብስቦ ማን ማንን እንደሚገፋ፣ ማን ለማን እንደሚሸፍን ማየት ነው። ወጣቶቹ ግን በቤተሰብ ምክክሩ ብቻ አልዳኑም። ጠጋ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ውስጣቸው የሚሰድባቸው ወገን እንዳለ፣ ከስድቡ ለማምለጥ ምግብ ላይ የሚጥላቸው ሌላ ወገን እንዳለ፣ ከሁለቱ ሥር ደግሞ ብቻውን የቀረ ትንሽ ልጅ የሚመስል ነገር እንዳለ ነገሩት። ቤተሰብ በሰው ውስጥም ነበር ማለት ነው።

እሱ ራሱ ደጋግሞ የሚያወራው አንድ ታሪክ አለ። ራሷን የምትጎዳ ደንበኛ ነበረችው። እሱና እሷ ተባብረው ያንን ራሷን የሚጎዳውን ወገን ሲወተውቱት ቆይተው «እሺ፣ አላደርግም» አሰኙት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ፊቷ ላይ አዲስ ቁስል ይዛ መጣች። ሽዋርትዝ እጁን ሰጠ፤ «አልቻልኩህም» አለው። ትግሉ ሲቆም መጠየቅ ጀመረ፤ ለምን ይሆን ይህን የምታደርገው? መልሱ ያልጠበቀው ነበር። ያ ወገን በልጅነቷ ከደረሰባት መከራ ሊያስመልጣት የጀመረውን ሥራ ነው እስከዛሬ የሚሠራው። መከራው እንዳለፈ የነገረው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ለእነዚህ ወገኖች የወጡት ስሞች ለአንቺ አዲስ አይደሉም። ኑሮው እንዳይናጋ አስቀድመው የሚቆጣጠሩት አስተዳዳሪዎች ይባላሉ። ስሜቱ ሲፈነዳ እየሮጡ የሚመጡት፣ በምግብም በመጠጥም በስልክም ይሁን ቶሎ የሚያደነዝዙት፣ እሳት አጥፊዎች ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ተባብረው ከዓይን የሚያርቋቸው የተጎዱት ደግሞ ግዞተኞች ናቸው። ከሁሉም በታች የማይጎዳ፣ የተረጋጋ፣ ለማወቅ የሚጓጓ «እኔ» አለ ይላል ሽዋርትዝ። ይህን በመሣሪያ ለክቶ ያሳየ የለም። እኔ እንደ ሥራ መሣሪያ እወስደዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልሟገትለትም። ለአክስትሽ ግን «ውስጤ ያሉትን ወገኖች እያነጋገርኩ ነው» እንዳትያት። የመጀመሪያውን አውሮፕላን ይዛ መጥታ ጸበል ነው የምትወስድሽ።

ሽዋርትዝ እነዚያን ትንንሽ ምልክቶች ተጓዥ ወደ ጫካ ከሚገባባት የመንገድ መነሻ ጋር ያመሳስላቸዋል። ከመነሻው ቆመሽ መጨረሻው አይታይም። መታየትም የለበትም። ያቺን መነሻ ማግኘት በቂ ነው።

እንዴት ትገኛለች? እዚህ ላይ የሥራ ልምዴን ላካፍልሽ። እኛ ጋ የሚመጣ ሰው «አዝኛለሁ» ወይም «ፈርቻለሁ» ብሎ አይጀምርም። «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»፣ «ራሴ ላይ የሆነ ነገር ይሄዳል»፣ «ልቤን ያፍነኛል» ነው የሚለው። ምን ይሰማዎታል ብለሽ ስትጠይቂው «ምንም፣ ተመስገን» ይልሻል። የት ጋ ነው ስትዪው ግን እጁ ከአፉ ቀድሞ ይሄዳል፤ ደረቱ ላይ ያርፋል፣ ወይ ጉሮሮው ላይ። አንቺም እንደዚያው ነሽ፤ ቺካጎ ስለኖርሽ አልተለወጥሽም። «ምን ተሰማኝ?» ብለሽ ስትጠይቂ «ምንም» ከመጣ «የት ጋ?» ብለሽ ጠይቂ።

እዚያው ከተማ ዩጂን ጀንድሊን የሚባል ሰው ነበር። በልጅነቱ ከናዚዎች ሸሽቶ ከኦስትሪያ የመጣ ነው፤ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከታዋቂው የሥነ ልቦና ሊቅ ከካርል ሮጀርስ ጋር ሠርቷል። የምክክር ቅጂዎችን እያዳመጡ የሚሻላቸው ሰዎች ከማይሻላቸው በምን እንደሚለዩ ሲመረምሩ የደረሰበት ነገር ይገርማል። የሚሻላቸው አጥርተው የሚናገሩት አልነበሩም። መሃል ላይ ቆም የሚሉት፣ «እንዲህ... አይ፣ እንዲህም አይደለም... ምን ልበልህ...» እያሉ ውስጣቸው ያለውን ግልጽ ያልሆነ ነገር የሚዳስሱት ነበሩ። አንቺ ደግሞ አቀላጥፈሽ ነው የምትናገሪው፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ። ስለዚህ ቃል ያጠረሽ ቦታ ላይ ስትደርሺ አትለፊው። እዚያ ጋ ቆዪ።

ምልክቷን ስታገኚያት የምትሠሪው ብዙ ነገር የለም። በአንድ መስመር ጻፊያት፤ መቼ፣ የት ጋ፣ ምን ልታደርጊ ቃጣሽ። ሲመችሽ ቁጭ ብለሽ ተመለሺባትና ይህቺን ጥያቄ ጠይቂ፦ ለዚህ ነገር እኔ ምን ይሰማኛል? ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «ያናድደኛል፣ በቃ ቢለቀኝ» ካልሽ የተናደደው ሌላ ወገን ነው። እሱንም አትጣዪው፤ ትንሽ ፈቀቅ ይልልሽ እንደሆነ ለምኚው። ፈቀቅ ካለ፣ የማወቅ ፍላጎት ብቻ ከቀረ፣ ያን ጊዜ ከምልክቷ ጀርባ ያለውን ወገን ጠይቂው፤ ይህን ሥራ ብትተወው ምን ይመጣል ብለህ ትፈራለህ? እኔ ዕድሜዬ ስንት ይመስልሃል? ሁለተኛዋ ጥያቄ ቀልድ ትመስላለች። አይደለችም። ብዙውን ጊዜ ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመት የሆነሽ ይመስለዋል።

የራሴን ልንገርሽ። ለቅሶ ቤት ስገባ እጄ ሥራ ይፈልጋል። ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ አይተሽኝ አታውቂም። ወጥ አቀርባለሁ፣ ሲኒ አጥባለሁ፣ ወንበር አስተካክላለሁ፤ ሰዉም «እሷ እኮ ደግ ናት» ይላል። ደግነቱ ውሸት አይደለም። ግን አንድ ቀን ሲኒ ልቀበል ስነሳ ትከሻዬ ላይ አንድ መቸኮል አየሁ። ሲኒዎቹ ታጥበው አልቀው ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ለዚያ ችኮላ ጊዜ ሰጠሁት። ብቀመጥ ምን ይሆናል? ከተቀመጥሽ ታለቅሻለሽ፣ ካለቀስሽ ታናናሾችሽን ማን ያያቸዋል? ይህን የሚለኝ አያትሽ የሞተች ጊዜ የነበርኩት ልጅ ነው። ታናናሾቼ ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። የቀረውን ስትመጪ እነግርሻለሁ፤ በወረቀት አይሆንም። አሁንም ለቅሶ ቤት ሲኒ አጥባለሁ። መቀመጥም ግን ችያለሁ።

ወደ «እሺ»ሽ ልመልስሽ። እኛ አገር አንድ በጣም ትጉ አስተዳዳሪ አለ፤ ይሉኝታ ይባላል። እንግዳ ሲመጣ፣ ታላቅ ሲናገር፣ ሰው ሲለምን ከባለቤቱ ቀድሞ መልስ ይሰጣል። ይሉኝታን እንድታባርሪ አልፈልግም፤ ይሉኝታ የሌለው ሰው ምን እንደሚመስል አይተናል። ቀድሞ ሲመልስ ግን አስተውዪው። «እሺ» ካልሽ በኋላ ሆድሽን ምን ይለዋል? ትንፋሽሽስ? ከስልኩ በኋላ ምድጃ መፈተግ አማረሽ? የአጎትሽን ልጅ መቀበሉን ለእኔ ተዪው፤ የሚያርፍበት ሌላ ሰው አግኝቻለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ ልበልሽ። እዚያ ጠዋት ሲሆን፣ እዚህ ሲመሽ፣ ስልክሽ ላይ ስሜ ሲመጣ ደረትሽ ላይ የሆነ ነገር ጭምቅ የሚል ከሆነ እሱም ምልክት ነው። «የእናቴ ነገርማ አይነካም» ብለሽ እንዳትዘዪው። ይዘሽው ሂጂ፤ ክፍሉ ውስጥ አውሪው። ምን እንዳልሽ፣ ምን እንዳገኘሽ ለእኔ መንገር የለብሽም፤ እኔም አልጠይቅሽም። የሚከፋኝ ወገን ቢኖር እሱ የእኔ ነው፤ እኔው አነጋግረዋለሁ።

እንግዲህ ነርስነቴ ደግሞ ይናገር። አስተዳዳሪዎቹንና እሳት አጥፊዎቹን ብቻሽን ማነጋገር ትችያለሽ። ግዞተኞቹን ፍለጋ ግን ብቻሽን አትውረጂ፤ ለዚያ አማካሪሽ አለች። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳሽ፣ ከራስሽ ውጪ ሆነሽ ራስሽን የምታዪ የሚያስመስልሽ፣ ወይም ያለፈውን ነገር አሁን እየሆነ ያለ የሚያስመስል ነገር ከመጣ አቁሚ። ዓይንሽን ግለጪ፣ እግርሽን መሬት ላይ አድርጊ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ዕቃ በስሙ ጥሪ፣ ሰው ጋ ደውዪ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣማ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያኔውኑ እርዳታ ጥሪ፣ ለእኔም በየትኛውም ሰዓት ደውዪ። ደግሞ ይህ መንገድ ለሁሉም አይደለም። ከእውነታው ጋር ግንኙነቱ ለተናጋ፣ የሌለ ድምፅ በጆሮው ለሚሰማ ሰው ውስጡን እንዲከፋፍል መንገር ሊጎዳው ይችላል።

ማስረጃውም ገና ብዙ አይደለም። እኔ የማውቀው ጠንከር ያለ ጥናት በ2013 የታተመው ነው፤ የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው 79 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ይህን ምክር ያገኙት ሕመማቸውና ድብርታቸው ሻል ማለቱን አሳይቷል። አንድ ትንሽ ጥናት ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ «በሦስት ቀን ትድኛለሽ» የሚልሽን አትመኚ። ከጠቀመሽ ቀጥዪ፤ ካልጠቀመሽ ለአማካሪሽ ንገሪያት፤ ሌላ መንገድ ሞልቷል።

ለሚቀጥለው ቀጠሮሽ ዝርዝር አታዘጋጂ። አንዷን ብቻ ያዢ፤ ሳቅሽን፣ ምድጃውን ወይም «እሺ»ን። የቱን እንደምትመርጪ ስታስቢ «ያቺን ብቻ ተዪያት» የሚል ነገር ከመጣብሽ፣ እሱንም ጻፊው።

በርበሬውንና ሽሮውን በሰው ልኬልሻለሁ። በርበሬው የዘንድሮ ነው፤ ያቃጥላል፣ ቀንሰሽ ጨምሪ። ወንድምሽ ሰላም ብሎሻል፤ ጫማውን እንዳትረሺ ይልሻል።

እናትሽ