የተሰበረ ሳንቃ፣ ባለ ጥለት ቀለበት፦ የስኬት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በጥቅምት የመጀመሪያ ስብሰባችን ሦስት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው መጡ። «ስኬት ክበብ» የሚለውን ማስታወቂያ አንብበው ለፈተና የሚያዘጋጅ ክበብ መስሏቸው ነበር። ስኬቱ ቆመው የሚንሸራተቱበት ባለ አራት ጎማ ሳንቃ፣ ስኬትቦርድ መሆኑን ስነግራቸው አንዱ ተመልሶ ሄደ። ሁለቱ ቆዩ፤ ዛሬ በክበቡ ውስጥ መጋዝ ከእነሱ የተሻለ የሚይዝ የለም።

ሥራችን የተሰበረ የስኬትቦርድ ሳንቃ ቆርጦ፣ አጣብቆና ሞርዶ ጉትቻ፣ ቀለበትና የቁልፍ መያዣ መሥራት፣ ከዚያም ሸጦ ሒሳቡን በመዝገብ መያዝ ነው። «ልጆቹን የጎዳና ጨዋታ ያስለምዷቸዋል» የሚል አስተያየት በመምህራን ማረፊያ ደጋግሞ ስለደረሰኝ እዚሁ መልስ ልስጥ። ይህ ጨዋታ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ቶኪዮ ላይ ኦሊምፒክ ገብቷል። አዲስ አበባም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የስኬት ፓርክ አላት። ጨዋታውን የሚወዱ ወጣቶች መዝለያቸውን ራሳቸው መሥራት፣ ሳንቃቸውን ራሳቸው ማስዋብ ልማዳቸው ነው። እኛ የወሰድነው ይህንኑ ልማድ ነው። የኩሽኔታ ጋሪ ሠርቶ አስፋልት ላይ ለተንሸራተተ የባሕር ዳር ልጅ ደግሞ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ሳንቃው ብዙውን ጊዜ ሰባት ስስ የሜፕል እንጨት ንብርብር ነው። ሜፕል በሰሜን አሜሪካ ብርድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ጠንካራ ዛፍ ነው። ንብርብሮቹ አብዛኞቹ በቁመት፣ ጥቂቶቹ በአግድም ተደርገው በኮላ ይጣበቃሉ። አንዳንዶቹ ቀለም የተነከሩ ስለሆኑ ሳንቃው በጎኑ ሲቆረጥ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ መስመር ብቅ ይላል። የአንዲት ተማሪያችን እናት የመጀመሪያውን ጉትቻ በእጃቸው ይዘው ሲያገላብጡት ቆዩና «ይሄማ ጥለት ነው» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምንሸጠው ዕቃ ሁሉ ስሙ «ጥለት» ነው።

እግር የሚቆምበት የሳንቃው ፊት ሸካራ ልጣፍ አለው። ሳይሞቅ አይላጥም። ልጆቹ ሳንቃውን ቀትር ፀሐይ ላይ አስጥተው ይልጡታል፤ ልጣፉንም በጉማጅ እንጨት ላይ ጠቅልለው በብርጭቆ ወረቀት ፋንታ ይሞርዱበታል። ይህን ዘዴ እኔ አላስተማርኳቸውም።

የሐሙስ ስብሰባዎቻችንን አልዘረዝርም። ሊቀ መንበርና ገንዘብ ያዥ ተመርጠዋል፣ ቃለ ጉባኤው ተሟልቶ ተቀምጧል፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።

የካቲት ላይ ወደ ዘጌ ያደረግነውን ጉዞ ግን ሳልጽፍ አላልፍም። አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች ከሰባራዎቹ ጋር ሁለት ሙሉ ሳንቃ ልከውልን ነበር። እዚያ ባለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የተሣሉትን መላእክት አይተን እነዚህ ላይ ብንሥል በጥሩ ዋጋ ይሸጣሉ የሚለውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በጀልባ ተሻግረን፣ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ወጥተን ገባን። አንድ አባት በሸራ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎች እያሳዩን ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በጎናቸው በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ነገሩን። ልጆቹ ወዲያው ዓይን ቆጠራ ገቡ።

ከሁሉም በላይ ሥዕል የምትችለው የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን በሩ ላይ ከቆሙት መላእክት ፊት ደብተሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ብዙ ቆየች፤ አንድ መስመር አልሠራችም። ቀረብ ስላት፦

«ቲቸር፣ ሳንቃው ላይ የሚቆመው ሰው እግሩን የት ነው የሚያሳርፈው?» አለችኝ።

ሥዕሉ ከታች በኩል እንደሚሆን ነገርኳት።

«ከታች ከሆነማ አስፋልት ነው የሚልጠው።»

ገንዘብ ያዡ ሰምቶ ኖሮ «ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው ብለን እንሸጠዋለና» አላት።

«የገዛው ሰው አይነዳበትም ብለህ ትምልልኛለህ?»

ልጁ ዝም አለ። ስንመለስ ጀልባው ላይ የዋጋ ዝርዝሩን አውጥቶ ሁለቱን ሳንቃዎች ራሱ ሰረዛቸው። ድምፅ ይሰጥበት ብዬ ነበር፤ አላስፈለገም። ይህች ልጅ ያየችውን እኔ አላየሁትም ነበር። ሐሳቡን ይዤ የሄድኩት እኔ ስለሆንኩ እዚህ መጻፍ ይገባኛል።

በዚያው መንገድ ላይ ትንንሽ የደንገል ታንኳ የሚሸጡ እናት አንዱን ልጅ «እናንተም ይሄን ልትሠሩ ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁት። እውነት ለመናገር አስበንበት ነበር። እንዳንሠራ እዚያው ተስማማን። እሳቸው የሚኖሩት ይህንኑ ሸጠው ነው።

ዋጋ የምናወጣው እንዲህ ነው። አንድ ቀለበት ከመቁረጥ እስከ የተልባ ዘይት መቀባት ሦስት ሰዓት ያህል የእጅ ሥራ ይወስዳል። ሰዓቱ ይመዘገባል፤ ኮላውና የመጋዙ ምላጭ ይታሰባል። ከሽያጩ ግማሹ ለሠራው ልጅ፣ ግማሹ ለዕቃና ለሳንቃዎቹ ማጓጓዣ ይሆናል። ሰባራውን በነፃ ለሚልኩልን ወጣቶች በእያንዳንዱ ሳንቃ አንድ የቁልፍ መያዣ መልሰን እንልካለን። በወላጆች ቀን 200 ብር ያልነውን ቀለበት በ80 ካልሰጣችሁ ብለው ልጆቹን የተከራከሩ ነበሩ። ሦስት ሰዓት የሠራ ልጅ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ነበር።

ያልተሳካልንም አለ። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት አንድ ካርቶን ሳንቃ ሁለት ወር ዘግይቶ ደረሰ። መብራት ሲጠፋ ትራፓኖው ቆሞ በእጅ መብሻ ሠራን። ከሁሉ የከፋው ግን 14 ቀለበቶች በተሸጡ በሳምንታቸው መሰንጠቃቸው ነው። ኮላ እስኪደርቅ እኩል ተጭኖ ማደር አለበት፤ አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ ስለሌለን በድንጋይ ነው የምንጭነው። ልጆቹ ገዢዎቹን አንድ በአንድ ፈልገው ገንዘቡን መለሱ። የክበቡ ሣጥን ባዶ ቀረ፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንኳ የገዛነው ከወላጆች በተዋጣ ገንዘብ ነው። ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ያለ መሸፈኛ ማንም እንዲሞርድ አልፈቅድም፤ መሸፈኛ ባለቀ ሳምንት ሥራ ይቆማል።

ለኳስ ቡድናችን በየዓመቱ መለያ ሲገዛ ደስ ይለኛል፤ ይገባቸዋል። ለእኛ ዘንድሮ የተሰጠን አንድ ሊትር ኮላ ነው። 22 ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ በዛፍ ጥላ ሥር ሠርተዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ዕቃቸውን ተሸክመው ይሮጣሉ።

የምንጠይቀው ሁለት ሞርሳና ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለውን መጋዘን ነው። መጋዘኑ ውስጥ የተከመሩት ሰባራ ወንበሮችና ጠረጴዛዎች ብዙዎቹ ዋንዛ ናቸው። አውጥተን ከሳንቃው ጋር አጣብቀን እንሠራባቸዋለን፤ ቦታውንም እናጸዳለን። ለርዕሰ መምህሩ በግንቦት ደብዳቤ አስገብተናል። ሞርሳ መለገስ የሚፈልግ ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ያገኘናል።

ሁለቱ ሙሉ ሳንቃዎች ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ተሰቅለዋል። ያቺው ልጅ በአንዱ ላይ ደንገል ሣለችበት። ሁለተኛው እስካሁን ባዶ ነው፤ ምን እንደሚሆን በመስከረም እሷው ትነግረናለች።