የላፓራስኮፒ መቀስ ሲገዛ ስለ ሽፋኑም ይጠየቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የሀሞት ጠጠር ያለበት ሰው ሆዱ በሰፊው ሳይከፈት በሦስት አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ታክሞ በማግስቱ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ላፓራስኮፒ በሚባለው በዚህ ሕክምና ሐኪሙ በካሜራ እያየ የሚጠቀምበት መቀስ ሲገዛ ግን ከዋጋው ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ስለቱ ይቆርጣል ወይ? የደነዘዘ ስለት ሐኪሙ ወዲያው ያውቀዋል። የማይታወቀው ዘንጉን በሸፈነው ፕላስቲክ ላይ ያለው ስንጥቅ ነው፤ ደብዳቤያችንም ስለ እሱ ነው።

የዚህ መቀስ ዘንግ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። በውስጡ ሌላ ቀጭን የብረት ዘንግ ያልፋል፤ እጀታው ሲጨበጥና ሲለቀቅ እሱ ወዲያና ወዲህ እየሄደ ጫፉ ላይ ያሉትን ስለቶች ይዘጋል፣ ይከፍታል። መቀሱ እየቆረጠ ደም እንዲያቆም ከኤሌክትሪክ ማሽን ጋር ይገናኛል። ማሽኑ የሚልከው ኮረንቲ በሰከንድ ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ ይመላለሳል፤ ደም ለማቆም ሲስተካከል ቮልቴጁ በሺዎች ይቆጠራል። ያንን ኮረንቲ ከአንጀትና ከጉበት የሚለየው ከአንድ ሚሊ ሜትር የቀጠነ ሽፋን ብቻ ነው።

ካሜራው የሚያሳየው የመቀሱን ጫፍ ነው። የቀረው ዘንግ አንጀት ተደግፎ ቢሠራ እንኳ ማንም አያየውም። ትንሽ ስንጥቅ ከትልቅ ይብሳል ብንል ለጆሮ እንግዳ ይሆን ይሆናል፤ ነገር ግን እውነት ነው። ሰፊ ቦታ ላይ የተበተነ ኮረንቲ ሥጋን ቢያሞቅ ነው፤ ያው ኮረንቲ በመርፌ ቀዳዳ በምታክል ክፍተት ሲወጣ አንድ ነጥብ ላይ አርፎ ያቃጥላል። የተቃጠለው አንጀት ያን ዕለት ላይበሳ ይችላል። በሽተኛው ቤቱ ከገባ ከቀናት በኋላ ይበሳና ውስጡ ያለው ወደ ሆድ ዕቃ ይፈሳል፤ ትኩሳትና የሆድ ሕመም ይዞት ሲመለስ መቀሱን የሚጠረጥር ብዙም የለም።

ሽፋኑ የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው? በ134 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንፋሎት ሲመከን ብረቱና ፕላስቲኩ እኩል አይለጠጡም፤ ሲቀዘቅዙም እኩል አይሰበሰቡም። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ፕላስቲኩ ይደክማል። መቀሱ ወደ ሆድ የሚገባበት ቱቦ፣ የትሮካሩ ጠርዝ ይፍቀዋል፤ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ከሹል መሣሪያ ጋር ሲከመር ይጫራል፤ በብረት ሽቦ ሲፈተግም እንዲሁ። ለአንድ ጊዜ ብቻ ተብሎ የተሠራ መቀስ እየታጠበ ሲደጋገም ደግሞ አደጋው የባሰ ነው፤ ፕላስቲኩ ለዚያ ሙቀት አልተሠራምና።

በዓይን ማየት አይበቃም። የሽፋን መመርመሪያ የሚባል አነስተኛ መሣሪያ አለ። መቀሱ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ከመታሸጉ በፊት፣ የመመርመሪያው ብሩሽ ወይም ቀለበት ከእጀታው እስከ ጫፉ ቀስ ብሎ ዙሪያውን እንዲነካ ይደረጋል፤ ክፍተት ካገኘ ይጮኻል። ሽፋኑ ከእጀታው የሚገናኝበትና ጫፉ አካባቢ ያለው ቦታ በተለይ አይታለፍ። ቮልቴጁ ከአምራቹ መመሪያ በላይ ከሆነ ጤነኛውን ሽፋን ራሱ ይበሳዋል፤ መመሪያው ሳይነበብ ምርመራ አይጀመር።

መሣሪያ ለመሥራት የሚነሱ ወጣት መሐንዲሶቻችንም ይህንን ከመነሻው ያስቡት። ከጥቁሩ ሽፋን ሥር ሌላ ደማቅ ቀለም ያለው ሽፋን ቢኖር ጭረቱ ራሱ ይናገራል። ዘንጉ ተፈታትቶ የማይታጠብ ከሆነ ቢያንስ ውኃ የሚገፋበት ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ውስጡ የደረቀ ደም ካለ እንፋሎቱ ከሥሩ ያለውን ጀርም አያገኘውም። ሁለቱ ስለቶች በትንሹ ጎበጥ ብለው የሚሠሩት ሲዘጉ ከሥር ወደ ጫፍ በአንድ ነጥብ ብቻ እየተነካኩ እንዲሄዱ ነው። የሚያያይዛቸው ፒን ሲላላ ሥጋው በመካከላቸው ይታጠፋል፤ መቀሱ መቁረጡን ትቶ ያኝካል። በረኪና ደግሞ አይዝጌ ብረትን ሳይቀር ይበላል፤ ዝገቱ ከዚያች ከፒኗ ጉድጓድ መጀመሩ የተለመደ ነው። ከፕላስቲኩ ተሰብሮ ሆድ ውስጥ የቀረ ቁራጭ በራጅ እንዲታይ ከተፈለገ ሲሠራ ባሪየም ሰልፌት ይቀላቀልበት።

በደንብ መቁረጥ ብቻውን ደኅንነት እንዳልሆነ የማሕፀን ዕጢ መከትከቻው ማሽን አሳይቷል። የሚሽከረከረው ስለቱ በደንብ ይቆርጥ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2014 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ ያወጣው ሌላ ነገር አይቶ ነው፦ ለማሕፀን ዕጢ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 350 ሴቶች አንዷ ያልታወቀ ካንሰር ሊኖርባት እንደሚችል ገመተ፤ ማሽኑ ያንን ካንሰር እየከተከተ ሆድ ውስጥ ሊበትነው ይችላል። በኋላ ቁርጥራጩን የሚይዝ ከረጢት እንዲሠራ ግድ ሆነ።

ስለዚህ የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ ሆስፒታሎችና ግዥ ክፍሎች፣ በ1112/2011 አዋጅ የሕክምና መሣሪያ የሚቆጣጠረው ባለሥልጣንም፣ ሻጩን ይህን ይጠይቁ፦ መቀሱ ስንት ጊዜ እንዲመከን ተፈቅዷል? እንዴት ይፈታል፣ እንዴት ይታጠባል? ሽፋኑ በስንት ቮልት ተመርምሯል? መመርመሪያውም ከመቀሶቹ ጋር በአንድ ጨረታ ይገዛ። እያንዳንዱ መቀስ ቁጥር ይኑረው፤ የተመከነበት ቀን በካርዱ ላይ ይጻፍ። ምርመራውን ያላለፈ በፕላስተር ተጠቅልሎ ወይም ቀለም ተቀብቶ አይመለስ። አምራቹ ሽፋኑን በአዲስ የሚተካ ከሆነ ወደ እሱ ይላክ፤ ካልሆነ በስህተት ተመልሶ ትሪው ላይ እንዳይገኝ ዘንጉ እዚያው ይቆረጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕክምና መሣሪያ ባለሙያዎች