ወንድሜን ከ4ኛ ፎቅ ማን ያውርደው?

ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ሌሊት ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ የአፋሩ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ እየተሰማ እንቅልፍ የነሳንን ጊዜ መቼም አትረሱትም።

ታናሽ ወንድሜ አከርካሪው ከተጎዳ 6 ዓመት ሆኖታል። ከወገቡ በታች አይሰማውም፤ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ያን ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን እየደረበ ወደ ታች ሮጠ። እኔ በራችን ላይ ቆሜ «እባካችሁ አግዙኝ» እያልኩ ስጮህ ሁለት ልጆች ተመለሱ። እግዜር ይስጣቸው። አንዱ በብብቱ፣ አንዱ በጉልበቱ በኩል ያዙትና በስልኬ መብራት ወረድን።

ታች ስንደርስ ካልሲው ደም ሆኗል። ለካ ተረከዙ የየደረጃውን ጠርዝ እየመታ ነው የወረደው። ስለማይሰማው «ቀስ በሉ» አላለም። ዊልቸሩም፣ መድኃኒቱም፣ የሽንት ቱቦውም እላይ ቤት ቀርተዋል። የግቢው ጥበቃ የራሱን ፍራሽ አነጠፈለትና እስኪነጋ እዚያ ተኛ። ያ ቁስል እስኪድን ከ2 ወር በላይ ፈጅቷል።

ልጆቹን በፍጹም አልወቅስም። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንደሚያዝ ማን አሳያቸው? እኔ ራሴ፣ 6 ዓመት አብሬው ስኖር፣ አላውቅም ነበር። አሁን የምንተኛው ቦርሳ በር ላይ አንጠልጥለን ነው። መድኃኒቱ፣ ቱቦው፣ ቻርጀሩ፣ የሐኪም ወረቀቱ ኮፒ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ግን ቦርሳ ሰው አያወርድም።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ባጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 11 ላይ፣ መንግሥት በአደጋ ጊዜ አካል ጉዳተኞችን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ተጽፏል። ይህ አንቀጽ እኛ ብሎክ ደረጃ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። በየወረዳው እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው በራሱ ፈቃድ ይመዝገብ፤ የትኛው ብሎክ፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚፈልግ ይታወቅ። ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሁለት ጎረቤት አስቀድሞ ይመደብ። አደጋ ሲመጣ የሚሮጥ ሰው ቆም ብሎ ማንን ልርዳ አይልም፤ ስሙን አስቀድሞ ካወቀ ግን ይመለሳል።

ደግሞ 939 ደውሉ ትላላችሁ። መስማት የተሳናት ጎረቤታችን ደውላ ምን ትበል? እሷ መልእክት ጽፋ የምትልክበት፣ መልስም በጽሑፍ የምታገኝበት መንገድ ይኑራት። ያን ሌሊት እሷን የቀሰቀሳት ጩኸታችን አልነበረም፤ የአልጋዋ መንቀጥቀጥ ነው።

የእኛ እድር በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ ይሰበሰባል። ቃሬዛ አለን፤ እስከ ዛሬ የወጣው ግን ለለቅሶ ብቻ ነው። አንድ ባለሙያ ላኩልን። ግማሽ ቀን ይበቃናል። ሰው በደረጃ እንዴት እንደሚወርድ ያሳየን። መለማመጃ የሚሆን ሰው ካስፈለገ ወንድሜ «እኔ አለሁ» ብሏል።

አክባሪያችሁ፣
የ4ኛ ፎቅ ነዋሪ