ስለ ኤርሚያስ አስገዶም ሙሉውን ጻፉ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ራፕ ሙዚቃና ስለ ወጣቶች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። በመድረክ ስሙ ኒፕሲ ሀስል የሚባለው ኤርሚያስ አስገዶም በሁለት መስመር ተነሥቶ በዚያው ቀርቷል፦ ትውልደ ኤርትራዊ፣ የወሮበላ ቡድን አባል የነበረ፣ በጥይት የተገደለ ዘፋኝ። የተባለው ሐሰት አይደለም። ሆኖም የአንድ ሰው ነገር በጉርምስናውና በአሟሟቱ ብቻ ተነግሮ ሲያልቅ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። የምተዳደረው የትናንሽ ነጋዴዎችን የሂሳብ መዝገብ በመያዝ ሲሆን፣ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በሚባለው የፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሚሠሩ ያገሬ ሰዎች ናቸው። ስለ ግጥሙና ስለ ምቱ ከእኔ የተሻለ የሚናገር አይጠፋም። እኔ ኤርሚያስን የተከታተልኩት ምን ሸጠ፣ በስንት ሸጠ፣ ምኑን ለራሱ አስቀረ እያልኩ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው ኦገስት 15 ቀን 1985 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። እናቱ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። አባቱ አቶ ዳዊት አስገዶም ኤርትራን ለቀው የወጡት ጦርነት ሸሽተው ነው፤ ያ ጦርነት ከማን መንግሥት ጋር እንደ ነበር ለእናንተ አንባቢ መንገር አያሻኝም። ይህን የማነሣው የቆየ ቁስል ለመነካካት ብዬ አይደለም። ልጁ ከሞተ በኋላ እኛም «የሐበሻ ኩራት» እያልን ፎቶግራፉን ስንለጥፍ ይህን አንድ እውነት ዘልለነው ስላለፍን ነው። እሱ የኤርትራዊ ልጅ ነው፤ የጥቁር አሜሪካዊትም ልጅ ነው። ልንወደው እንችላለን፤ ከሁለቱ ቀምተን የራሳችን ልናደርገው ግን አይገባም።

ያደገው በደቡብ ሎስ አንጀለስ፣ በክሬንሾው አካባቢ ነው። ክራክ ኮኬይንና የጦር መሣሪያ ያን ሰፈር በሚያምሱበት ዘመን ልጅ ነበር። በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ እያለ ክሪፕስ የተባለው ትልቅ የወሮበላ ቡድን ቅርንጫፍ ከሆነው፣ ሮሊን ሲክስቲስ ከሚባለው ቡድን ጋር ገባ። ይህን አልካደም፤ በዘፈኖቹም ሆነ በቃለ ምልልሶቹ በግልጽ ተናግሮታል። እኔም አላስተባብልለትም። እዚያ ሰፈር ግን አንድ ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ብዙ ጊዜ የሚወስንለት የሚኖርበት መንገድ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሲፈርድ ያናድደኛል።

በ2004 ከአባቱና ከወንድሙ ጋር ወደ ኤርትራ ሄዶ ሦስት ወር ያህል ቆየ። በኋላ ሲጠየቅ ስለ ጉዞው የተናገረው ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። እዚያ ፕሬዚዳንቱም፣ ፖሊሱም፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚታየውም፣ መርሴዲስ የሚነዳውም፣ ያረጀች መኪና የሚነዳውም የቆዳ ቀለማቸው አንድ መሆኑን አየ። እኛ ይህን ከቁም ነገር አንቆጥረውም፤ ተወልደን ዓይናችንን የገለጥነው በዚያ ውስጥ ነውና። የክሬንሾው ልጅ ግን የሚኖርበት ቤት፣ የሚገዛበት ሱቅ፣ የሚያስቆመው ፖሊስ፣ ሁሉም የሌላ ሰው ነበር። ከዚያ ጉዞ በኋላ ከአንደበቱ የማይጠፋው ነገር ባለቤትነት ሆነ። በ2018 ተመልሶ ሄዶ ዘመዶቹን ጠይቋል።

አሁን ወደማውቀው ልግባ። ኤርሚያስ መጀመሪያ ኤፒክ ከተባለው ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተፈራርሞ ነበር። ወደ 2010 ገደማ ከዚያ ወጥቶ «ኦል መኒ ኢን» የተባለ የራሱን ድርጅት ይዞ ቀጠለ። ብዙ ወጣት ዘፋኞች ኩባንያው ሲያስፈርማቸው የሚሰጣቸው ገንዘብ ስጦታ ይመስላቸዋል። ስጦታ አይደለም፤ ወደፊት ከሚያገኙት የሚቀነስ ቅድሚያ ክፍያ ነው። የስቱዲዮው ወጪም፣ ከቪዲዮውም የተወሰነው፣ ከዘፋኙ ድርሻ ላይ እየተነሣ ይተካል። ያ ሁሉ ተከፍሎ ካለቀ በኋላም ማስተሩ፣ ማለትም ዋናው ቅጂና ከእሱ የሚገኘው ገቢ፣ አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው እንደሆነ ይቀራል። በሥራዬ ብዙ መጥፎ ውል አይቻለሁ፤ ሰው ዕዳውን ከፍሎ ጨርሶ ዕቃው ከአበዳሪው እጅ የማይወጣበት ውል ግን ከዚህ ሌላ አላጋጠመኝም።

ኤርሚያስ ይህን ገልብጦ ሠራው። በ2013 ኦክቶበር ላይ «ክሬንሾው» የተባለውን ሥራውን በኢንተርኔት ለፈለገው ሁሉ በነፃ ለቀቀው። ከዚያው ጋር 1,000 ሲዲ ብቻ አሳትሞ አንዱን በ100 ዶላር ለሽያጭ አቀረበ። ብዙዎች አበደ አሉ፤ በነፃ የሚገኝን ነገር ማን 100 ዶላር አውጥቶ ይገዛል? ሲዲው በአንድ ቀን አለቀ። ታዋቂው ራፐር ጄይ ዚ ብቻውን 100 ቅጂ ገዛ። 1,000 በ100 ሲባዛ 100,000 ዶላር ነው፤ በመካከል ኩባንያ የለም፣ የሚተካ ቅድሚያ ክፍያ የለም፣ የተላለፈ ማስተር የለም። በ2014 መጨረሻ ደግሞ በሌላ ሥራው 100 ቅጂ ብቻ አሳትሞ አንዱን 1,000 ዶላር አለ። ገዢዎቹ ገንዘባቸውን ያወጡት ለዘፈኑ እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ ዘፈኑንማ በነፃ አግኝተውታል። የከፈሉት ሰውየው ከማንም ሳይለምን እንዲቆም ነው።

የመጀመሪያውን የስቱዲዮ አልበሙን «ቪክትሪ ላፕ»ን ያወጣው በፌብሩዋሪ 2018 ነው። ያን ጊዜ ከአትላንቲክ ኩባንያ ጋር ሠርቷል፤ የሠራው ግን የራሱን ድርጅት ይዞ በሽርክና ነው። ያን ያህል ዓመት የጠበቀው ለዚህ ይመስለኛል፤ የሚደራደርበት ነገር እጁ እስኪገባ። አልበሙ ለግራሚ ሽልማት ታጨ። ግራሚውን ያገኘው ግን ካለፈ በኋላ፣ በ2020፣ በሌሎች ሁለት ዘፈኖች ነው።

ስሎሰንና ክሬንሾው መንገዶች በሚገናኙበት ጥግ ላይ የሱቆች ግቢ አለ። ወጣት ሳለ በዚያ ግቢ የመኪና ማቆሚያ ሲዲውን ከመኪናው ኋላ እያወጣ ይሸጥ ነበር፤ ወንድሙም ካናቴራና ካልሲ ይሸጥ ነበር። ፖሊስ ይመጣል፣ ያባርራል፣ ይፈትሻል። ቀስ በቀስ በዚያው ግቢ ሱቅ ተከራዩ። በ2017 «ማራቶን ክሎዚንግ» የተባለውን የልብስ ሱቅ ከፈቱ። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ ከሽርካዎቹ ጋር ሆኖ ግቢውን በሙሉ ገዛው፤ አፍርሶ መኖሪያ ቤትም ሱቅም ያለበት ፎቅ ሊሠራበት አስቦ ነበር። በ2018 እዚያው አካባቢ «ቬክተር ናይንቲ» የተባለ የጋራ የሥራ ቦታ ሲከፈት ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ነው፤ ዓላማው የሰፈሩ ልጆች ሳይንስና ቴክኖሎጂ የሚማሩበት፣ ጀማሪ ነጋዴም ጠረጴዛና ኢንተርኔት የሚያገኝበት ቦታ እንዲሆን ነበር።

ይህ የግቢ ግዢ ለእኔ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ላስረዳ። ከደንበኞቼ መካከል ባልና ሚስት አሉ። ምግብ ቤታቸውን በኪራይ ቤት ውስጥ ለረጅም ዘመን ሠርተውበታል፤ ወለሉን ያነጠፉት፣ የወጥ ቤቱን ጭስ ማውጫ ያስገቡት፣ ሰው የማያልፍበትን በር ደንበኛ የሚጠብቅበት ያደረጉት እነሱ ናቸው። ሠፈሩ ሲደምቅ አከራዩ ሕንፃውን ሸጠ፤ አዲሱ ገዢ ኪራዩን ከአቅማቸው በላይ አደረገውና ወጡ። በሕግ ያጡት ምንም የለም፤ የእነሱ የነበረ ነገር በወረቀት ላይ አልነበረምና። ልጃቸው ቤት ውስጥ የኤርሚያስን ዘፈን ሲከፍት አባትየው «ይህን የዱርዬ ጩኸት አጥፋልኝ» ይሉት ነበር። ሌላ ቦታ ሲከራዩ ያ ልጅ ነው አባቱን ይዞ እኔ ዘንድ የመጣውና ሕንፃው ቢሸጥ መጀመሪያ ለተከራዩ ይቅረብ የሚል አንቀጽ በውሉ ይግባ ብሎ የተከራከረው። ከየት አመጣኸው ብዬ ስጠይቀው የክሬንሾውን ግቢ ታሪክ ነገረኝ። አንቀጹ ገብቷል።

ሌላው በጽሑፋችሁ የተዘለለው አሟሟቱ ነው። ማርች 31 ቀን 2019፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በ33 ዓመቱ በገዛ ሱቁ ደጃፍ ተገደለ። ገዳዩ ከተቀናቃኝ ወገን የመጣ አይደለም፤ ከዚያው ከአደገበት ቡድን የሆነ፣ የሚያውቀው ሰው ነበር። በ2022 ጥፋተኛ ተብሎ በ2023 ቢያንስ 60 ዓመት ተፈረደበት። በተገደለበት ቀን ማግስት፣ ኤፕሪል 1 ቀን 2019፣ ስለ ወጣቶችና ስለ ጥቃት መከላከል ከከተማው ፖሊስ አዛዥ ጋር ስብሰባ ተይዞ ነበር፤ ስብሰባው እንዲደረግ የጠየቀው ራሱ ኤርሚያስ ነው። ኤርሚያስ በተተኮሰበት ሰዓት አብረውት ከቆሰሉት አንዱ ከ20 ዓመት በላይ ታስሮ በቅርብ የወጣ ሰው ነው። ልብስ ፍለጋ ወደ ሱቁ መጥቶ ነበር። ይህ ሰው ጥይት ተመትቶ ሳለ መንግሥት መልሶ አሰረው፤ ምክንያቱ ደግሞ በአመክሮ የወጣ እስረኛ ከወሮበላ ቡድን አባል ጋር መገኘት የለበትም የሚል ነው። የቡድን አባል የተባለው ኤርሚያስ ነው። ሕዝብ ስለ ጮኸ ከቀናት በኋላ ተለቀቀ።

ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል። የከተማው ሹማምንት በሕዝብ ፊት ስሙን እያወደሱ ሳለ የከተማው ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ያን ግቢ የቡድን መናኸሪያ ነው ብለው ይመረምሩት እንደ ነበር ከሞቱ በኋላ በጋዜጣ ወጥቷል። አንድ ሰው ሰፈሩን ገዝቶ ሊያለማ ሲነሣ እንኳ በወረቀት ላይ ያው የጥንቱ ወሮበላ ነው። ለዚህ ነው የእናንተ መስመሮች የከበዱኝ፤ እዚህ በፋይል ላይ የተጻፈበትን ነገር እናንተም ከሩቅ ሆናችሁ ደገማችሁት።

ኤፕሪል 11 ቀን ስንብቱ በስቴፕልስ ሴንተር ሲደረግ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ባራክ ኦባማ የላኩት ደብዳቤ ተነበበ። ከዚያ የኤርትራ ባንዲራ የለበሰውን አስከሬኑን የያዘው መኪና በደቡብ ሎስ አንጀለስ ጎዳናዎች 41 ኪሎ ሜትር ያህል ዞረ፤ በሱቁም በኩል አለፈ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ደም የተቃቡ ቡድኖች አባላት አብረው ወደ ሱቁ ሄደው ሐዘናቸውን ገልጸዋል። እዚህ ብዙ ዓመት ለኖረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ማየት እንግዳ ነው። የስሎሰንና የክሬንሾው መንታ መንገድ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ስለ እሱ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፉ። ቡድኑን አትደብቁ፤ አባቱ ከየትኛው ጦርነት እንደሸሹም ጻፉ። ነገር ግን የ100 ዶላሩን ሲዲ፣ የማስተሩን ጉዳይ፣ የግቢውን ግዢ እንደ ዋና ነገር አስቀምጡት፤ የሙዚቃ ውል የሚያውቅ ጠበቃም አነጋግሩ፣ ወጣት ድምፃውያን አንባቢዎቻችሁ ናቸውና። የቅድሚያ ክፍያና የድርሻ ስሌት እንዴት እንደሚሠራ በቁጥር ማስረዳት ካስፈለጋችሁ እኔ ያለ ክፍያ አዘጋጅቼ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሎስ አንጀለስ