የምርምር ላፕቶፕ ላይ ምን ይጫን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላም ለእናንተ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን በዳታ ሥራ አግዛለሁ። ትምህርት ሲጀመር ሁሌም የምጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ላፕቶፕ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?» ስለ ራም ይጠየቃል፣ ስለ ሃርድ ዲስክ ይጠየቃል፣ ኮር አይ ፋይቭ ይበቃል ወይስ አይ ሰቨን ይባላል። ላዩ ላይ ስለሚጫነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ስለሚያሠራው ዋና ሶፍትዌር ግን የሚያነሳ የለም። ዊንዶውስ ነዋ! ሱቁ ራሱ ያልተከፈለበትን ክራክ ጭኖ፣ ኦፊሱን ጨምሮ ያስረክባል። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

እኔ ግን እዚያ ላይ ማለቅ የለበትም ባይ ነኝ።

ባለፈው ዓመት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ማታ 2 ሰዓት ላይ መጣች። ፍላሿን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ዝም አለች። የሁለት ክረምት የጤፍ ማሳ ልኬት ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። የጋራ ኮምፒውተር ላይ ሰክታው ስትከፍተው ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ይህን ቫይረስ የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም፤ ከኢንተርኔት ቤት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ላብ እየዞረ ስንቱን አስለቅሷል። ፍላሹን ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን፣ በነፃ የሚገኝ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ያለበት ማሽን ላይ ሰካሁት። ፎልደሮቹ አንድም ሳይጎድሉ እዚያው ተደርድረዋል። ቫይረሱ አላጠፋቸውም ነበር። «የተደበቀ» የሚል ምልክት ለጥፎባቸው ዊንዶውስ ስለማያሳያቸው ነው የጠፉ የመሰሉት። ሊኑክስ ያንን ምልክት አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል፣ ቫይረሱም እዚያ ላይ መሮጥ አይችልም። ልጅቷ ስክሪኑን አይታ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ወዲያው ሦስት ቦታ ገለበጥንላት።

በዚህ ብቻ ግን ሁሉም ሰው ሊኑክስ ይጫን አልልም። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሥራችሁ የሚፈልገው ሶፍትዌር የት ላይ ይሠራል የሚለው ነው። የዘረመል ዳታ የምትተነትኑ ከሆነ እንደ ቢደብልዩኤ እና ሳምቱልስ ያሉት መሣሪያዎች ለሊኑክስ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ዊንዶውስ ላይ እናሠራቸው ብላችሁ ሳምንት ታባክናላችሁ። ከባድ ስሌት ያለበት ሥራም ያው ነው። በዓለም ቀዳሚ የሚባሉት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በሙሉ ሊኑክስ ናቸው። ለፒኤችዲ ውጭ የሚሄዱ ልጆቻችን ደርሰው ሰርቨር ሲከፈትላቸው ጥቁር ስክሪንና ብልጭ ድርግም የምትል መስመር ነው የሚጠብቃቸው። አንዱ የላከልኝን አልረሳም፤ ኖትፓድ ላይ ጽፎ ወደ ሰርቨሩ የላከው ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) አልሮጥ ብሎት ሁለት ቀን ሲፈልግ ከርሟል። ኮዱ ልክ ነው። ጥፋቱ ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ የሚያስቀምጣት፣ በዓይን የማትታይ ተጨማሪ ምልክት ናት። እዚህ እያለ አንድ ሴሚስተር ሊኑክስ ነክቶ ቢሆን በአምስት ደቂቃ ይፈታት ነበር።

በሌላ በኩል የካርታ ሥራ ሶፍትዌሩ አርክጂአይኤስ ፕሮ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። የውኃ ሀብት ተማሪዎች የሚጠቀሙበት አርክስዋትም እንደዚያው። ብዙዎቹ የላብ ማሽኖችም አብሯቸው የሚመጣው ሶፍትዌር የዊንዶውስ ነው። ስለዚህ ዊንዶውሱን አታጥፉት። ጎን ለጎን ሁለቱን መጫን ይቻላል (ዳታችሁን ሌላ ቦታ ሳትገለብጡ ግን እንዳትነኩት)፤ ካልሆነም ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን የሚያስኬደው ደብልዩኤስኤል ለጀማሪ በቂ ነው። ማክም ውስጡ የሊኑክስ ዘመድ የሆነው ዩኒክስ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይመቻል፣ ዋጋው ግን ለአብዛኛው ተማሪያችን አይቀመስም። ለስታቲስቲክስ አርን፣ ለፕሮግራም ፓይተንን፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስን የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሦስቱም ላይ በነፃ ያገኛቸዋል፣ ክራክ ፍለጋ መንከራተት የለበትም።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ቴሲስ ሳነብ «ዳታው በኤስፒኤስኤስ ተተነተነ» ብሎ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩን ስም ብቻ ጠርቶ ያልፋል። የትኛው ቨርዥን? በምን ሲስተም ላይ? አይጻፍም። በ2019 እ.ኤ.አ. የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኬሚስቶች ለዓመታት ሲጠቀሙበት የቆየ አንድ የፓይተን ስክሪፕት እንደ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የተለያየ መልስ እንደሚሰጥ ደረሱበት። ዳታው ያው፣ ስክሪፕቱም ያው። ስክሪፕቱ ፋይሎቹ በቅደም ተከተል ይመጡልኛል ብሎ ያምናል፤ አንዱ ሲስተም ደርድሮ ይሰጠዋል፣ ሌላው እንደመጣለት ይሰጠዋል፣ የአንዱ ፋይል ቁጥር ከሌላው ጋር ይጋጠማል። ማንም አልዋሸም፣ ውጤቱ ግን ስህተት ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ቢፈጠር በምን እናውቃለን? የሲስተሙን ስምና ቨርዥን መጻፍ አንድ መስመር ነው። አማካሪዎች ይህችን አንድ መስመር ብትጠይቁልን ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ደብዳቤ አሁን የጻፍኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በየላቡ ካሉት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ አሮጌ ስለሆኑ ዊንዶውስ 11 አይቀበላቸውም። እነዚህን ማሽኖች መጋዘን ከመወርወራችሁ በፊት እባካችሁ ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ጭናችሁ ሞክሯቸው። ደከም ያለ ማሽን ከሆነ ቀለል ያለው ዙቡንቱ አለ። ረጅም ድጋፍ ያለው የኡቡንቱ ቨርዥን በየሁለት ዓመቱ ይወጣል፣ ለአምስት ዓመት የደኅንነት አፕዴት በነፃ ያገኛል፤ አንድ ሰው ፒኤችዲ ጀምሮ እስኪጨርስ ማለት ነው። የአማርኛ ኪቦርድም አለው፣ ፊደላችን ሳይበላሽ ይጻፋል።

ችግሩ ማውረዱ ነው። የኡቡንቱ መጫኛ ፋይል ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። በሞባይል ፓኬጅ ለሚኖር ተማሪ ይህ የወር ወጪ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ፋይሉን በግቢው ሰርቨር ላይ ቢያስቀምጡ ተማሪው ያለ ክፍያ፣ በደቂቃዎች ይወስደዋል። እሱ እስኪሆን እኛ ክፍል ሦስት የመጫኛ ፍላሽ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠናል። ተማሪው ምንም ሳይጭን ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነስቶ አንድ ከሰዓት ይሞክረዋል፣ ካልተመቸው ነቅሎ ይመልስልናል። ያቺ የጤፍ ተማሪ ባለፈው ወር አንዱን ወስዳ ጓደኛዋ ላፕቶፕ ላይ ጫነችለት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ