የሚኒ ሚዲያ ክበብ፦ ዝናብ የዋጠው ቃለ ምልልስ

የጠዋቱ ፕሮግራም ዘንድሮም እንደወትሮው ቀጥሏል። ማይኩም እንደወትሮው ጮኋል። አዲሱ ነገር ክበቡ የ14 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም መሥራቱ ነው፤ ስለ ቤት።

ሐሳቡ ሲጀመር ሌላ ነበር። ኅዳር ላይ ልጆቹ «ጅማ መርካቶ በረንዳ የሚያድሩትን እንቅረፅ» ብለው መጡ። እሺ አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሦስት ተማሪዎች ስልካቸውን ደግነው ካርቶን ላይ ወደተኛ ልጅ ቀረቡ። ልጁ ነቅቶ ጆንያውን ፊቱ ላይ ሳበና በኦሮምኛ አንድ ነገር አለ። የእኔ ኦሮምኛ ደካማ ነው። አንዷ ተማሪ አንገቷን ደፍታ ተረጎመችልኝ፦ «እናንተንስ ስትተኙ ማን ይቀርፃችኋል?»

ያን ቀን ሕግ አወጣን። ሳይፈቀድ ስልክ ከኪስ አይወጣም። የሕፃን ፊት አይታይም። መጀመሪያ ሻይ፣ ከዚያ ወሬ። ወሬው ሲጀመር ደግሞ ሰዎቹ የሚያወሩት ስለ ጎዳና አልነበረም። የሚያወሩት ስለ መጨረሻው የኪራይ ቤት ነበር።

አዌቱ ወንዝ አጠገብ ጉልት የሚሸጡ አንዲት እናት የተከራዩባቸውን ቤቶች በጣት ቆጠሩልን። ሰባተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ሳቁ። አከራዮቹ ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦ «ልጄ ሊገባበት ነው።» ከእኛው አባላት አንዱ አብሮ ሳቀ። ለካ እሱም ሁለት ቅዳሜ የቀረው ቤተሰቡ ዕቃ እየጫነ ነው። የማስታምመው ሰው አለብኝ ብሎ ነበር የነገረኝ።

የሥነ ዜጋ መምህራችን አግዘውናል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 እንደሆነ፣ የቀበሌ ቤትም ከዚያ እንደመጣ አስረዱን። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከ2 ዓመትም አይነስ ይላል፤ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ነው። ካነጋገርናቸው ተከራዮች የጽሑፍ ውል ያሳየን አንድም የለም። «ውል ብዬ ብጠይቅ ያን ዕለት ነው የምወጣው» ያሉን አሉ።

አሁን ወደ ኪሳራችን። የእኚያን እናት ዋና ቃለ ምልልስ የቀረፅነው ሚያዝያ ላይ፣ ቤታቸው ውስጥ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እኛ ልብ አላልነውም። ትምህርት ቤት መጥተን ስንከፍተው 20 ደቂቃ ሙሉ ዝናብ ብቻ! አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸው ሽንኩርት ይለያል፣ ድምፅ የለም። በሳምንቱ ልንደግም ሄድን። በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጎረቤት «ለቀዋል» አለን። ጉልታቸውም ባዶ ነበር።

ልጆቹ ዝናቡን አናወጣም ብለው ተከራከሩኝ፤ አሸነፉኝም። ያስታወሱትን ከሥር ጻፉበት። የፊልሙ ምርጡ ክፍል ያ ነው፤ የወላጆች ቀን ላይ አዳራሹ ጸጥ ያለውም እዚያ ጋ ነበር።

ለመጪው ዓመት ክበቡ ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ ይፈልጋል። እኚያን እናት ያየ ተማሪ ካለ ደግሞ ይንገረን፤ ፊልሙን ልናሳያቸው ቃል ገብተናል።